የሰው ጥርስ

እሷን የሚያስጠላት ነገር ይኖራል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም፣ የሰው ሽንት፣ የሰው አክታ፣ ከዚያም የባሰውን ሁሉ በብልቃጥ በብልቃጥ ስትቀበል ውላ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጇን ታጥባ እስክትጠግብ የምትበላ ሴት ናት። የምትጸየፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ። እንዲህ ያለ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ ካየች ፊቷ ቅጭም ይላል፣ ያመጣውንም ሰው ከነብልቃጡ ትመልሰዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «እመት መለያ» የሚሏት ለዚህ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ የደረሰው በዚህች ሴት እጅ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ።

ነገሩ የተጀመረው ከአባቷ ነው። አባቷ አርባ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የላይኛው ጥርሳቸው በሙሉ ሰው ሠራሽ ሲሆን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሲያጥቡት ከእጃቸው አምልጦ መታጠቢያው ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስብርባሪውን በአንድ መሐረብ ጠቅልለው፣ አፋቸውን በሌላ መሐረብ ሸፍነው፣ ራሳቸው ሄደው ለጥርስ ሠሪው ሰጡት። ጥርስ ሠሪው «ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ በሰባት ሰዓት ይደርሳል፤ ሲያልቅ ይከፍላሉ» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም። ቃሉ ከአፋቸው ልሙጥ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ልጃቸው እንኳ «ምን አሉ አባባ?» እያለች ሁለቴ ሦስቴ ታስደግማቸው ነበር።

ይህስ ባልከፋ። በዓለም ላይ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ግን በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ዓሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ምክንያቱም ሲነገር ያሳፍራል፤ እናታቸው በሞቱ በሳምንቱ ታናሽየው የእናታቸውን ቤት ቁልፍ ወንድማቸውን ሳያማክሩ ቀየሩ። በቃ፣ በአንድ የበር ቁልፍ ዓሥራ አንድ ዓመት። አሁን ደግሞ የታናሽየው ዓይን ሊጠፋ ነው። ለቀዶ ሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ሲያልፉ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት መጥተው፣ በዓሥራ አንድ ተኩሉ አውቶቡስ ጉዟቸውን ሊቀጥሉ ነው። ልባቸውም ደካማ ስለሆነ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይመለሱ አይመለሱ የሚያውቅ የለም።

እመት መለያ ደስ አላት። አባቷ ግን እምቢ አሉ። ጥርሱ ካልደረሰ ወንድማቸው ቤቱን ሳይረግጥ እንዲያልፍ ንገሪልኝ አሏት። መጀመሪያ ኩራት መስሏት ተቆጣች። አጎቷ እንደሆኑ አጠገባቸው የቆመውን ሰው እንኳ እንደ ጥላ ነው የሚያዩት፤ ድድ አዩ ጥርስ አዩ ምን ለውጥ አለው አለቻቸው።

አባቷ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ መለሱላት። «እሱን ነው የምልሽ። ዓይኑ አያየኝም፣ የሚያውቀኝ በድምፄ ነው። በዚህ ድምፅ ‘ማነህ አንተ?’ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»



ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በሰባት ሰዓት ጥርስ ሠሪው ጋ ደረሰች። ቤቱ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ነው። ከበሩ ላይ በቀይ ቀለም «በጥሬ ገንዘብ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም በሌላ እጅ ጽሑፍ የማይቀበላቸው ነገሮች ተጨምረዋል፤ ዱቤ የለም፣ ቼክ የለም፣ ስልክ የለም፣ ክርክር የለም። ውስጡ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የጥርስ ሠሪው ሙሉ ስም ከነአያቱ የተጻፈበት ባለ መስታወት የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ደግሞ የማርማላታ ብልቃጦች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ጥርስ። ዓሥራ አምስት ወይ ዓሥራ ስድስት ብልቃጥ ይሆናል፣ አንዱም ላይ ስም የለም።

የትኛው ጥርስ የማን እንደሆነ እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ጥርስ ሠሪው ሆዱ ወደፊት የቀደመ፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለ ሰው ነው። ጣቱን ወደ ግንባሩ ቀስሮ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ አላት፤ ወረቀት የሚወዱ ሰዎች የሌላውን እንጀራ መዝጋት የሚወዱ ናቸው ሲልም አከለበት። ነገሩ ገባት። ያልተጻፈ ሥራ ግብር አይጠየቅበትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ቢሆንም የመጣችው ለጠብ አይደለምና ስልኳን አወጣች። ክፍያውን በስልክ ላስተላልፍልዎ አለችው። አልቀበልም አላት። የደሞዟ ሳንቲም ሁሉ ባንክ ውስጥ እንደሆነ፣ ዳቦም መድኃኒትም በስልክ እንደምትገዛ ነገረችው። ጎሽ፣ ደስ ይላል፣ እኔ ግን አልቀበልም አላት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ከእሷ ስልክ ይበልጣል።

«ጌታዬ፣ አባቴ በዘጠኝ ሰዓት እንግዳ አለባቸው» አለችው። «ጥርሱን ይስጡኝና ገንዘቡን እዚህ ቆሜ አሁኑኑ ልላክልዎ። መድረሱን አይተው ይልቀቁኝ።»

«እህቴ፣ አንብበሽ ነው የገባሽው» አላት።

ወደ ታች ወረደች። ጥግ ላይ ያለው ኤቲኤም «ለጊዜው አገልግሎት አልሰጥም» ይላል። ሁለተኛው ማሽን ጋ የነበረው ሰልፍ መንገድ ተሻግሮ ዞሯል። ሦስተኛው ካርዷን ውጦ ብዙ ካሰበ በኋላ መልሶ ተፋው። ሰባት ሰዓት ተኩል አለፈ፣ ስምንት ሆነ። ተረከዟ ተላጠ። የራሷ ገንዘብ በስልኳ ውስጥ እያለ በገዛ ከተማዋ እንደ ለማኝ መዞሯ አንጀቷን አሳረረው። ላቧን እየጠረገች ተመልሳ ደረጃውን ወጣችና ለመነችው። አዎ፣ ለመነችው። ሰው ለራሱ የማያደርገውን ለአባቱ ያደርጋል።

ያን ጊዜ ጥርስ ሠሪው በጣም አዛኝ ሆነ። ከታች ከጫማ መደብሩ ጎን ባለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ አንዲት ደግ ሴት እንዳለች፣ በስልክ ሲልኩላት ጥሬ ገንዘብ እንደምትሰጥ፣ ለድካሟ ብቻ ትንሽ እንደምትቆርጥ ነገራት። ትንሽ ያለው ከመቶ ዓሥራ አምስት ነው። ሱቋ ብስኩትና የስልክ ካርድ ብቻ ነው ያላት፤ ባለቤቷም ከወንበሯ ሳትነሳ የሚላክበት ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን ገፋ አደረገችላት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እመት መለያ ቁጥሩን አስገባች። ስልኩም እንደ ልማዱ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ስሙን አውጥቶ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቃት።

ስሙን አየችው። ደግማ አየችው። ያ ስም ፎቅ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስም ነው። የአባቱም ስም፣ የአያቱም ስም ያው።

ሰውየው በስልክ አልቀበልም ያለው ለካ መቀበሉን ጠልቶት አይደለም። አልቀበልም ሲል ከላይ ያተርፋል፣ እቀበላለሁ ሲል ከታች ያተርፋል። ዓይን አውጣነት እንዲህ ተጣጥፎ፣ እንዲህ ተስተካክሎ ተሰፍቶ አይታ አታውቅም። ሴትየዋ ሚስቱ ትሁን እህቱ አልጠየቀችም። ሴትየዋም ብስኩቷን እየቆረጠመች መስኮት መስኮቱን ታያለች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። እመት መለያ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለውን ተጫነች።

ፎቅ ወጥታ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ያየችውን ስም አላነሳችበትም፤ የአባቷ ጥርስ ያለው በሰውየው እጅ ነው። ጥርስ ሠሪው አውራ ጣቱን በምላሱ አራሰና ኖቶቹን ቆጠረ። እንደገና አራሰና ደግሞ ቆጠረ። ከዚያም ያንኑ እጁን፣ ሳይታጠብ ሳያብስ፣ አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን አወጣና በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለለላት። ደረሰኝ ጠየቀችው። በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው አላት። ሃያ ዓመት በሰው ቆሻሻ መሐል ስትሠራ እንዲህ ተጸይፋ አታውቅም። ጋዜጣውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ሳትፈታው፣ ሳታየው ደረጃውን ወረደች። ማየት ነበረባት። እሷ ራሷ ከዚያ በኋላ ስንቴ ብላዋለች።

ቤት ስትደርስ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው። ጥርሱን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥባ፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ያህል ሆና ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው ወደ መታጠቢያው ዞረው አጠለቁት። አገጫቸውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አደረጉት።

«ልክ ነው?» አለቻቸው።

«ትንሽ ይይዘኛል» አሉ። ሦስት ሳምንት የከረመ ድድ ነው፣ ይለምዳል አለቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፃቸው ግን ተመልሷል፤ ያ ከኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማው የመምህር ድምፅ። ልትስማቸው ስትል በሩ ተንኳኳ።

አጎቷ በዱላ እየዳበሱ ገቡ። ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ነጭ ለብሷል። በሩ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

አባቷ «በር አንኳኩቶ መግባትን ከየት ተማርከው?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ቁልፍ መቀየር ነበር የምታውቀው።»

አጎቷ እዚያው በቆሙበት ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲስቁ ነው ሲያለቅሱ ነው፣ አልታወቀም። «ጋሼ» አሉ። «ፊትህ አይታየኝም፤ ድምፅህ ግን ያው ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍ አይበቃም። ተቃቀፉ፣ ተቀመጡ፣ ስለ እናታቸው ተጫወቱ፣ ስለ ቁልፉ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ እንደገና ሳቁ። እመት መለያ ዳቦና ቲማቲም በሽንኩርት አቀረበችላቸው፤ አባቷም ሦስት ሳምንት ሾርባ ሲጠጡ ከርመው ነበርና ሽንኩርቱን ቀርጨም ቀርጨም አደረጉት። እሷ በር ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ገንዘቡም ድካሙም ገደል ይግባ አለች በልቧ።

ስልኳ ጮኸ፤ የማታውቀው ቁጥር ነው። ወደ ጓዳ ገብታ አነሳችው። ጥርስ ሠሪው ነው።

«እህቴ፣ ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል» አላት። «የወሰድሽው ጥርስ የሌላ ሰው ነው። ያቺ የታች ሱቋ ሴትዮ መደርደሪያውን ስትወለውል ብልቃጦቹን አቀያይራቸዋለች። የአባትሽ እዚህ አለ። ባለቤቱ መጥቶ እየጮኸብኝ ነው፣ ቶሎ አምጪ።»

በበሩ ክፍተት አባቷ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ይታያሉ። አሁን አየችው፤ በጥርሱ ውስጠኛ በኩል ቡናማ ቡናማ ነገር አለ። አባቷ በዕድሜያቸው ሲጋራ ጨብጠው አያውቁም። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ጎንበስ አለችና አቅለሸለሻት፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። የሌላ ሰው ጥርስ፣ የሌላ ሰው ምራቅ፣ ከአባቷ አፍ ውስጥ። የከተተችውም እሷ ናት፤ ስም ከሌለበት ብልቃጥ ወጥቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እመት መለያ በገዛ እጇ።

«ስልክ ቁጥሬን ከየት አገኘኸው?» አለችው። «እርስዎ» ማለቱን እዚያ ላይ ተወችው።

ከየት እንዳገኘው ታውቃለች። ስሟን አልጠየቃት፣ የአባቷን ስም አልጻፈ፣ ደረሰኝ አልሰጠ። በዚያ ሁሉ ንግድ ውስጥ ተጽፎ የቀረ ነገር ቢኖር ያ አልቀበልም ያለው የስልክ ክፍያ ብቻ ነው። አሁን እሱን ይዞ ነው የፈለጋት።

«በዓሥራ ሁለት ሰዓት አመጣዋለሁ» አለችው።

«አሁኑኑ ነው የምልሽ። ሰውየው ፖሊስ ልጥራ ይላል።»

«ታክሲው የሚቀበለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው» አለችው። «ጥሬ ገንዘብ ደግሞ የለኝም።»

ልትዘጋው ስትል ከስልኩ ወዲያ የሽማግሌ ጩኸት ሰማች። ቃላቱ አይለዩም። ልሙጥ፣ እርጥብ፣ አየር የበዛበት ድምፅ ነው፤ ልክ አባቷ ሦስት ሳምንት ሲያወጡት የከረሙት። ያም ሽማግሌ ዛሬ የሚያናግረው ሰው ይኖረው ይሆናል። የእሱም ቤት በር ይንኳኳ ይሆናል። አባቷን ጠርታ «አውልቁ» ብትላቸው ይህ ጨዋታ እዚያው ያበቃል፤ ወንድማቸውም ይህንን ልሙጥ ድምፅ ይዘው ነው ወደ ቢላዋው የሚሄዱት። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያም ጨርሶ አጠፋችው። ያን ጊዜ የተጸየፈችው ጥርስ ሠሪውን ብቻ አይደለም፤ እሷም ከእሱ ጋር ተጨምራለች። እጇን ታጥባ እንደገና ታጠበች።

በዓሥራ አንድ ሰዓት አጎቷን አባትና ልጅ ሆነው ወደ አውቶቡሱ ሸኟቸው። አጎቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ ድምፁ ወደሚመጣበት ፊታቸውን አዙረው፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ አባቷ የሚያወሩላቸውን ሲሰሙ ቆዩ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ አባቷ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ ፊታቸውን ከሰው ከለል አድርገው ጥርሱን አወለቁና ጠቅልለው ሰጧት።

ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው አስቆሟት። በዚያ ልሙጥ ድምፅ፣ እየደጋገሙ፣ ጥርሱ ገና አፋቸው ውስጥ እንደ ገባ የእሳቸው አለመሆኑን እንዳወቁ ነገሯት።

«አባባ፣ ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«በሩ ተንኳኳ» አሏት። «ባለቤቱን ይቅርታ በይልኝ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነው፣ እንዲያው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲጋራ ሲጋራ አለኝ።»

ጥርስ ሠሪው ጋ ስትደርስ ዓሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። አንድ ቀጭን ሽማግሌ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እጁን ይዛ አብራው ወጣች። ጥርስ ሠሪው ሰው ነኝ እሳሳታለሁ ብሎ ጀመረና፣ የአባቷን ጥርስ ለመስጠት፣ ማን ያምናል፣ የማጽጃ ጥቂት ገንዘብ ጠየቃት፤ በእርግጥ በጥሬው። እመት መለያ ስልኳን አብርታ፣ የላከችበትን ገጽ አውጥታ፣ ስሙ ከነአያቱ የተጻፈበትን ከግድግዳው መስታወት አጠገብ አስጠግታ ያዘችለት።

«ደረሰኝ የለህም ብዬ ነበር፤ ለካ አለህ» አለችው። «ግብር መሥሪያ ቤት ያሉት ሰዎች ደግሞ ስልክ ይቀበላሉ።»

ሰውየው ስሙን አየ፣ የአባቷን ብልቃጥ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሷም የተጠገነውን ስንጥቅ በደንብ አየች፣ አዙራ አየች፣ ከዚያም ከቦርሳዋ የላብራቶሪ መለያ ወረቀት አውጥታ የአባቷን ስም ጽፋ ለጠፈችበት። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ስም የለሽ ብልቃጦች አንዴ አየቻቸውና ወጣች።

ሽማግሌው ደረጃው ላይ የሰጠችውን መሐረብ ፈታ። ይታጠብ ብትለው አልሰማትም፤ አፉ ውስጥ ከተተውና አገጩን ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰ። ያደረገችውን ሁሉ ነገረችው፤ ስልኩን አጥፍታ ሆን ብላ እንዳስጠበቀችው ሳይቀር። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት ደስ ባላት።

ሽማግሌው ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰ። ትንሽ አጣጣመ።

«አባትሽ» አላት በመጨረሻ፣ በጠራ ድምፅ፣ «ሽንኩርት በልተዋል።»

ጭሱን ወደ ላይ ለቀቀ።

«ታረቁ?» አላት።

«ታረቁ።»

ራሱን ነቀነቀና ደረጃውን መውረድ ጀመረ። እሱ ሊያናግረው የነበረው ሰው ማን እንደነበረ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን ፈራች። ታች ሲደርስ ሳትጠይቀው ነገራት። ልጁ ከሩቅ አገር የምትደውለው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ በዓሥር ሰዓት ነው። ዛሬም ደውላለች። ሁለት ጊዜ «ማነው? አባዬን ስጡኝ» ብላው፣ ስልኩን ዘጋችበት።